የሣርና የቅጠል ዜማ

የዜማ መሣሪያ ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው በግድግዳ የሚሰቀለውን ወይም በከረጢት የሚያዘውን ነው። ክራር እንጨት፣ ቆዳና ጅማት ይፈልጋል፤ መሰንቆ የፈረስ ጭራ ካላገኘ አይናገርም፤ ዋሽንት እንኳ ሸምበቆው ተመርጦ፣ ተቈርጦ፣ ደርቆ፣ ከተበሳ በኋላ ነው ለአፍ የሚደርሰው። በዚህ ጽሑፍ ልናጠናው ያሰብነው መሣሪያ ግን ሠሪ የለውም፣ ሻጭ የለውም፣ ማስቀመጫም የለውም። ከዛፍ ይቀጠፋል ወይም ከመሬት ይነጫል፤ ጥቂት ዜማ ይሰጥና ይጠወልጋል፤ ከዚያም ይጣላል። ይኸውም የዛፍ ቅጠልና ሣር ነው።

«ይህ የእረኛ ጨዋታ አይደለምን? ከትምህርት ጽሑፍ ውስጥ ምን ያገባዋል?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ጨዋታ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ይህ ጨዋታ በሩቅ ምሥራቅ በነገሥታት ቤት የከበረ ጥበብ ሆኖ ተገኝቷል፤ በአውስትራሊያም የተገፋ ሕዝብ ድምፁን ያሰማበት ሆኗል። ለዚያ ሕዝብ ቅጠሉን የሰጠው ዛፍ ደግሞ ዛሬ በየአጥራችን ሥር ቆሟል። ስለዚህ ጉዳዩ በቀጥታ እኛንም ይመለከታል። አንባብያን እንዳይሳሳቱ፣ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ከቀላሉ፣ ከሣሩ እንነሣ። ሰፋ ያለ፣ ለምለም፣ ጠርዙ ያልተቀደደ አንድ የሣር ቅጠል ውሰዱ። ሰርዶ እጅግ ቀጭን ስለሆነ ለጀማሪ አይመችም፤ የገብስ ወይም የስንዴ ቅጠል ይሻላል። ሁለቱን አውራ ጣቶቻችሁን ጥፍራቸው ወደ ፊታችሁ እንዲያይ አድርጋችሁ ጎን ለጎን ግጠሙ። ሣሩ በመካከላቸው በቁመቱ ይቁም፤ ከላይ በጣቶቹ ጫፍ፣ ከታች በጣቶቹ ሥር ይያዝ። በአንጓውና በጣቱ ሥር መካከል ጠበብ ያለች ክፍተት ታያላችሁ። ሣሩ በዚያች ክፍተት ውስጥ ቀጥ ብሎ መወጠር አለበት። ሰፊው ገጹ ወደ አፋችሁ ከዞረ አይጮኽም፤ ወደ ከንፈር መዞር ያለበት ጠርዙ ነው። የቀሩትን ጣቶች እንደ ጎጆ ከልላችሁ፣ ከንፈራችሁን ወደ ክፍተቷ አስጠግታችሁ ንፉ። መጀመሪያ የሚወጣው ንፋስ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሣሩን ጥቂት ወጠር፣ አፋችሁን ጥቂት ዝቅ ወይም ከፍ ስታደርጉ ግን ድንገት ይጮኻል፤ ሲጮኽም በጎረቤት ያለ ሰው እስኪደነግጥ ድረስ ነው።

ይህን የሚያህል ድምፅ ከአንድ ሣር እንዴት ወጣ? ሣሩ በሁለት ጫፉ ተይዞ እንደ ክራር ክር ተወጥሯል። ትንፋሽ በግራና በቀኙ ያልፋል። ሣሩ በጥቂቱ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል በዚያ በኩል ያለው መተላለፊያ ይጠብባል። አየር በጠባብ ቦታ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ሲፈጥንም ግፊቱ ይቀንሳል፤ ይህን የፍጥነትና የግፊት ግንኙነት ዳንኤል በርኑሊ የተባለው የስዊስ ሊቅ በ1738 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ፈሳሽ ሲያስተምር አብራርቶታል። ሣሩ እንግዲህ ግፊቱ ወደ ቀነሰበት ወገን ይሳባል፤ ውጥረቱ ደግሞ ይመልሰዋል፤ ሲመለስም በመካከል አይቆምም፣ አልፎ ወደ ሌላው ወገን ይሄዳል። ትንፋሹ በየዙሩ አዲስ ኀይል ይጨምርለታል። ባንዲራ በነፋስ ሲርገበገብ ያያችሁትን አስቡ፤ ሣሩም እንዲሁ ይርገበገባል፣ ልዩነቱ በሴኮንድ በመቶ የሚቈጠር ጊዜ መርገብገቡ ነው። ጆሯችን ያንን እንደ አንድ የጠራ ድምፅ ይሰማዋል። ከጀርባ የተከለለው የእጃችን ጎጆም በክራር ሥር እንዳለው ገበቴ ድምፁን ያጎላዋል፤ ጣቶቻችንን ስንከፍትና ስንዘጋ ድምፁ የሚለዋወጠውም ስለዚህ ነው።

ድምፁን ለማቅጠንና ለማወፈር ሕጉ እንደ ክር ሕግ ነው። ማረን መርሰን የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ በ1636 ስለ ዜማ በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ይህን ሕግ በሥርዓት አስቀምጦታል። የተወጠረ ነገር ርዝመቱ በግማሽ ሲያጥር ንዝረቱ እጥፍ ይሆናል፤ ውጥረቱ አራት እጥፍ ሲሆንም ንዝረቱ እንደዚሁ እጥፍ ይሆናል፤ ከባዱ በዝግታ፣ ቀላሉ በፍጥነት ይነዝራል። እጥፍ መሆን ማለት በዜማ ቋንቋ ያው ድምፅ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጥቶ እንደገና መሰማቱ ነው፤ ወንድና ሴት አንድ መዝሙር አብረው ሲዘምሩ በመካከላቸው የሚሰማው ርቀት ማለት ነው። አሁን በእጃችሁ ያለውን ሣር ተመልከቱ። አውራ ጣቶቻችሁን ስታጐብጡ ውጥረቱ ይጨምራል፣ ድምፁ ይቀጥናል፤ ስታላሉት ይወፍራል። ጠባቡ ሣር ክብደቱ ስለሚያንስ ቀጭን ድምፅ አለው፤ ሰፊው ወፍራም ድምፅ አለው። እኛ ይህን ሕግ በክፍል ውስጥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተምረነዋል፤ በሣር ስንሞክረው ግን ያው ቀመር ከንፈራችንን እየኰረኰረ ነው የገባን።

የሣር ዜማ ግን ወሰን አለው። በአውራ ጣት መካከል የተያዘ ሣር ሁለት ሦስት ድምፅ ይሰጣል እንጂ ረጅም ዜማ ለማውጣት እጅግ ያስቸግራል። ሙሉ ዜማ የሚወጣው ከዛፍ ቅጠል ነው። አያያዙም ይለያል። ቅጠሉ በሁለት እጅ ጣቶች ግራና ቀኝ ተይዞ በመጠኑ ይወጠራል፤ ጠርዙ ከንፈር ላይ ይደገፋል፤ በከንፈርና በቅጠል መካከል ቀጭን ትንፋሽ ይለቀቃል። በዚህ ጊዜ የሚርገበገበው የቅጠሉ ጠርዝ ነው። ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ አይደለም፤ የጣቶች ውጥረት፣ የከንፈር ጭነት፣ የትንፋሽ ብርታት፣ ምላስ በአፍ ውስጥ የሚይዘው ቦታ ሁሉም በአንድነት ይሠራሉ። ለዚህም ነው ሁለት ሰዎች ከአንድ ዛፍ ቅጠል ቀጥፈው ፈጽሞ የተለያየ ድምፅ የሚያወጡት።

እዚህ ላይ ከራሳችን መሣሪያዎች ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ዋሽንት ቀዳዳ አለው፤ ጣትህን ቀዳዳው ላይ ካሳረፍህ ድምፁ ያለበትን ቦታ መሣሪያው ራሱ ይነግርሃል። ክራርም ክሮቹ አስቀድመው የተቃኙ ናቸው። መሰንቆ ግን አንድ ክር ብቻ፣ ያውም ምልክት የሌለበት ነው፤ ተጫዋቹ የእያንዳንዱን ድምፅ ቦታ በጆሮው ፈልጎ በጣቱ ማግኘት አለበት። ቅጠል የመሰንቆ ዘመድ ነው እንላለን። ምልክት የለውም፤ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ይንሸራተታል። ይህ ለጀማሪ መከራ ነው፣ ለለመደ ሰው ግን ሀብት ነው፤ ምክንያቱም በየትኛውም ቅኝት መጫወት ይቻላል። ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺሆዬ አምስት አምስት ድምፅ ነው የሚፈልጉት። ቅጠሉ ለአምስቱም ይታዘዛል፤ ችግሩ ጆሮ ሳያውቃቸው ከንፈር አያገኛቸውም።

ወደ ታሪኩ እንለፍ። ቅጠል መንፋት በቻይና የቈየ ነገር ነው። በቼንግዱ ከተማ በ918 የሞተው ዋንግ ጂየን የተባለ ንጉሥ መቃብር በ1940ዎቹ መጀመሪያ በቁፋሮ ሲወጣ፣ ሬሳ ሣጥኑ ባረፈበት ድንጋይ ዙሪያ ሃያ አራት ሴቶች ተቀርጸው ተገኙ። ሁለቱ ይጨፍራሉ፣ የቀሩት የየራሳቸውን መሣሪያ ይጫወታሉ። በገና መሰሉን የያዘች አለች፣ ከበሮ የምትመታ አለች፣ ዋሽንት መሰሉን የምትነፋ አለች፤ ከእነርሱም አንዷ የያዘችው ቅጠል ነው። ልብ በሉ፤ ቀራጩ የንጉሥ ማኅበረ ዜማ ሲቀርጽ ቅጠል ነፊዋን አልተዋትም፤ ከሌሎቹ እኩል ቦታ ሰጥቷታል። እውነተኛው ቅጠል በማግሥቱ ደርቆ ጠፍቷል፤ የድንጋዩ ቅጠል ግን ከሺህ ዓመት በኋላም በዚያች ሴት አፍ ላይ አለ።

በኮሪያም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። በ1493 በንጉሥ ትእዛዝ የተዘጋጀውና አክሃክ ክዌቦም የተባለው የቤተ መንግሥት የዜማ መጽሐፍ፣ መሣሪያዎችን አንድ በአንድ ሲዘረዝር የቅጠልና የሣር ዋሽንትንም ጨምሯል። በ1930ዎቹም ካንግ ቹን ሶፕ የሚባል ተጫዋች በቅጠል የተጫወተው ዜማ በሸክላ ተቀድቶ ቀርቷል። የሴኡል ከተማም በ2000 ይህን ጥበብ ሊጠበቅ የሚገባው ባህል ብላ መዝግባዋለች። ለምን መመዝገብ አስፈለገ? ስለ በገና ወይም ስለ ከበሮ ቢሆን፣ ተጫዋቹ ቢሞት እንኳ ዕቃው ይቀራል፤ የልጅ ልጅ ከግድግዳ አውርዶ ይሞክረዋል፣ ያልቻለም እንደሆነ «አያቴ ይህን ይጫወት ነበር» ይላል። ቅጠል ነፊ ሲሞት ግን የሚወረስ ዕቃ የለም። ሙዚየም የሚያስቀምጠው የለውም። ጥበቡ ያለው በሰውዬው ከንፈርና ጆሮ ብቻ ስለሆነ፣ ለሌላ ሰው ካላስተማረ አብሮት ይቀበራል።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በአውስትራሊያ ታሪክ ነው። የዚያች አገር ነባር ሕዝቦች በእንግሊዞች መስፋፋት ምክንያት መሬታቸውን ከተነጠቁ በኋላ ብዙዎቹ በሚሲዮን ጣቢያዎችና በመንግሥት በተከለሉ ሰፈሮች እንዲኖሩ ተደርገዋል። በብዙ ቦታ የአባቶቻቸውን ቋንቋ እንዳይናገሩ፣ ሥርዓታቸውንም እንዳይፈጽሙ ይከለከሉ ነበር። በዙሪያቸው ግን ባሕር ዛፍ ነበረ። የባሕር ዛፍ ዓይነቶች ከሰባት መቶ ይበልጣሉ፤ ከጥቂቶች በቀር የሁሉም አገር አውስትራሊያ ነው። በየሰፈሩ ቅጠል መንፋት የሚችሉ ሰዎች ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ። በደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ የሚገኙት የዋላጋ ሐይቅና የታየርስ ሐይቅ ሰፈሮች የቅጠል ባንዶች በሰፊው ታወቁ። ለጎብኚ ይጫወታሉ፤ ለጭፈራ ይጫወታሉ፤ በጸሎት ቤትም ኦርጋን በሌለበት መዝሙሩን በቅጠል ያጅባሉ። በዚህ ዐረፍተ ነገር ላይ እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። ከሰው የተቀበሉትን መዝሙር ከራሳቸው ምድር በበቀለ ቅጠል መለሱት። (ይህን ስንል ግን ቅጠል ይዛችሁ ማኅሌት ግቡ ማለታችን አይደለም፤ ከበሮና ጸናጽል ቦታቸው የታወቀ ነው፣ መሪጌቶችም አይስቁልንም።)

በመጋቢት ወር 1932 የሲድኒ ወደብ ታላቅ ድልድይ ሲመረቅ የዋላጋ ሐይቅ የቅጠል ባንድ በበዓሉ ላይ ተሰልፎ ነበር። ያ ድልድይ የአገሪቱ የምህንድስና ኩራት ነው፤ ብረቱ በአምሳ ሺህ ቶን ይቈጠራል። በዚያ ሁሉ ብረት ላይ የእነዚህ ሰዎች መሣሪያ ቅጠል ነበረ። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት የሕዝብ ቍጥር ሲሰላ ነባሮቹ ተወላጆች እንዳይጨመሩ ይደነግግ ነበር፤ ይህ አንቀጽ የተሰረዘው በ1967 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ነው፤ ድምፅ ከሰጡት ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት ይሰረዝ ብለዋል። እንግዲህ በ1932 በድልድዩ በዓል ላይ የተሰለፉት በአገራቸው ቍጥር ውስጥ የሌሉ ሰዎች ነበሩ። ቍጥሩ ባያውቃቸውም የተሰበሰበው ሕዝብ ግን ሰማቸው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቅጠል ባንዶች እየቀነሱ ሄዱ። ጊታርና ሬዲዮ መጡ፤ ወጣቱም ወደ ከተማ ተበተነ። እንዲያም ሆኖ ጥበቡ አልጠፋም፤ በ1977 በሜሪቦሮ ከተማ የቅጠል ነፊዎች ውድድር ተጀመረ። ከነባሮቹም ሄርብ ፓተን የተባሉት የጉናይ ሕዝብ ሽማግሌ በ1999 ቅጠል እንዴት እንደሚነፋ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተሙ። በእኛ አስተያየት ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም እንዲህ ያለው መጽሐፍ ከንፈርን የት ማሳረፍ እንደሚገባ ሊጽፍ ይችላል እንጂ የሚሰማ ሰው ከጎን ሊያስቀምጥ አይችልም።

አሁን ወደ አገራችን ዛፍ እንመለስ። አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ ስላለቀ ከተማዋ በእንጨት ዕጦት ልትፈታ ደርሳ ነበር። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ፣ ፈጥኖ የሚያድገው ይህ ዛፍ ከውጭ መጣ፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ስለሆነም ባሕር ዛፍ ተባለ። ነጭ ባሕር ዛፍ የምንለው አገሩ ታዝማኒያና ደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ ነው፤ ይኸውም የቅጠል ባንዶቹ ከወጡበት አገር ጋር የሚዋሰን ነው። ቀይ ባሕር ዛፍ የምንለው ደግሞ በዚያ በወንዝ ዳር የሚበቅለው ነው።

እኛ ከዚህ ዛፍ ያልወሰድነው ምን አለ? ግንዱ ቤት ሆነልን፤ አጠናው አጥር ሆነልን። እናቶቻችን ቅጠሉን ከእንጦጦ በጀርባቸው ተሸክመው እያወረዱ ስንት ምጣድ አሰሙበት። ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን አፍልተን ጋቢ ተከናንበን እንታጠነዋለን። ዘሩ በከረጢት ተቋጥሮ በመርከብ ሊመጣ ችሏል፤ ዜማው ግን አብሮት አልመጣም። ዘር ያለ አስተማሪ ይበቅላል፤ ዜማ ግን የሚያውቀው ሰው ካልመጣ አይመጣም። ከመቶ ሠላሳ ዓመት ያህል በላይ ከሥሩ ስንቀመጥ ለብዙዎቻችን ዛፉ ማገዶ ብቻ ሆኖ የቈየው በዚህ ምክንያት ይመስለናል።

መሞከር ለሚፈልግ ጥቂት ነገር ጨምረን እናብቃ። ከባሕር ዛፉ ሁለት ዓይነት ቅጠል ታገኛላችሁ። ከጕቶው አዲስ የሚያቈጠቍጠው ክብ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላና ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነው፤ ትልቁ ዛፍ ላይ ያለው ግን እንደ ማጭድ የጐበጠ ረጅም ነው። ረጅሙን ውሰዱ። ያረጀው እንደ ቆዳ ስለሚደድር አይርገበገብም፤ ቀንበጡም ቶሎ ይቀደዳል፤ የሁለቱን መካከል፣ ሲያጥፉት የማይሰነጠቀውን ምረጡ። ጠርዙን ነፍሳት የበሉት ከሆነ ተዉት። አቧራ አይጠፋበትምና በውኃ እጠቡት። ዘይቱ ለሆድ ስለማይስማማ አታኝኩት። ስሙን የማታውቁትን ቅጠል፣ ይልቁንም ሲቈረጥ ወተት የሚያወጣውን ሁሉ፣ ከአፋችሁ አታስጠጉ፤ የቍልቋል ወተት ዐይን ያጠፋል፣ የቅንጭብም እንዲሁ ነው። ሳማን ለመሞከር የሚደፍር የለም ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያው ቀን ዜማ አትፈልጉ፤ አንድ ድምፅ ብቻ ሳይቋረጥ እስከ አሥር እስክትቈጥሩ ያዙ። እርሱ ሲጸና ያንኑ ድምፅ ጥቂት ከፍ፣ ጥቂት ዝቅ አድርጋችሁ መልሱት። ከዚያ በኋላ የትዝታን አምስት ድምፅ አንድ በአንድ እየፈለጋችሁ፣ ክራር ያለው ጓደኛ ከጎን እየመታላችሁ አጥኑ። አንዱ ሲነፋ ሌላው ዐይኑን ጨፍኖ ይስማና «ወረደ»፣ «ወጣ» ይበለው፤ ነፊው የራሱን ድምፅ በራሱ ጭንቅላት ውስጥ ስለሚሰማው ስሕተቱ ቶሎ አይታወቀውም። ቅጠሉ ከጥቂት ዜማ በኋላ ይላላል፣ ጠርዙም ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ለአንድ ሰዓት ልምምድ ለእያንዳንዱ ሰው አምስት ስድስት ቅጠል ቀጥፋችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ።